ሬኮ ላይ የተበተነው ጭነት

ዲላ፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ናዝሬት።

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ያ ብርድ የሚቀሰቅሰው የወገብህ ሕመም ለቆህ፣ በር ሳትይዝ ከመቀመጫህ የምትነሣ ሆነህ ያግኝህ። ማሚቱ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ቤቱ፣ ሱቁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አማን ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ጤና ነኝ፤ ምግብ ይበላልኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። ይህን የምጽፍልህ ዲላ፣ መጋዘን በረንዳ ላይ፣ የጆንያ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ የመቀመጫው ጥፋት ነው እንጂ ያስተማርከኝን ረስቼ አይደለም።

ዋስ ሁነኝ ብዬ ከአዲስ አበባ ለጻፍኩልህ ደብዳቤ መልስ አላየሁም። ፖስታ ቤት በልቶት ይሆናል። ብቻ ያለ ዋስ ሥራ አግኝቼ እንደገና መሪ መጨበጤን ስትሰማ ደስ እንደሚልህ አልጠራጠርም። መሪ ያስጨበጥከኝ አንተ አይደለህ?

ከከርቸሌ ከወጣሁ በኋላ ያልረገጥኩት የባለመኪና ደጃፍ የለም። ሰውየው መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ ያይና መጀመሪያ ፊቱ ይፈካል፤ ረጅም መስመር የለመደ ሾፌር እንደ ልብ አይገኝማ። ቀጥሎ ዋስህ ማነው ይላል። ቀጥሎ እነዚህን ሁሉ ዓመታት የት ነበርክ ይላል። እምነት በማጉደል ተፈርዶብኝ፣ የጫንኩት ቡና ከሻሸመኔ ወዲህ ጠፍቶ፣ ስለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አንሥቶ ኪሱ ይከታል፤ እዚያው ቆሜ የምሰርቀው ይመስል። ሰው ገጭቶ ገድሎ የታሰረ ሾፌር ሥራ ሲያገኝ አይቻለሁ። እሱ ድንገት ነው ይላሉ። ጭነት የበላ ግን ነገም ይበላል ባይ ናቸው።

እንዲህ ስንከራተት ነው ዲላ ላይ ሐጂ ኸድሩ የሚባሉ ሰው ያገኘሁት። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ከመዘርጋት ተነሥተው፣ ዛሬ የቡና መጋዘንና መኪናዎች አሏቸው። ታሪኬን እስክጨርስ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ሰሙኝ። ከዚያ፣ ዋስም የለህ፣ ስምም የለህ፣ እጅህ ግን መሪ ያውቃል ሲሉ ሰምቻለሁ አሉኝ። ይህን የቡና ወራት እሞክርሃለሁ፤ አንድ ጆንያ የጎደለ ቀን ግን ፖሊስ አልጠራም፣ ቁልፌን ተቀብዬህ ከሻሸመኔ እስከ ሞያሌ ላለ ባለመኪና ሁሉ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጋሪ እንኳ የሚሰጥህ አይኖርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ከመንዳት ሌላ ምን አውቃለሁ? ጉልበታቸውን ስሜ ሥራ ጀመርኩ።

የዲላ ሾፌሮች ስሜን በሳምንቱ ረሱት። ከርቸሌ ነው የሚሉኝ። ከርቸሌ ወጣ፣ ከርቸሌ ገባ፣ ከርቸሌ ጎማ ፈነዳበት። በክፋት አይደለም፤ ሻይ ስጋብዛቸው ከርቸሌ እግዜር ይስጥልን ይሉኛል። እኔም ለምጄ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ረዳቴ ደግሞ ጓንጉል የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ ወታደር የነበረ፣ በዕድሜ ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከአንተም የሚበልጥ። ረዳትህን ጋሽ እያልክ ጎማ አስፈታው ብትባል ምን ትል ነበር? ጋሽ ጓንጉል እባክህን ድንጋይ አስደግፍልኝ ስለው፣ ኮንጎ ዘምቼ መጥቼ ላንተ ድንጋይ ላቀብል ይላል፤ እያጉረመረመ ግን ያቀብላል። ሰውን ሁሉ ይጠረጥራል፣ ከሁሉ አስቀድሞ እኔን። ሲተኛ ጭነቱ ላይ ነው የሚተኛ። አልፈርድበትም።

አንተ በሥራ ዘመንህ ዲላ ድረስ ብዙ ተመላልሰሃል፤ ከዲላ ወዲያ ግን አላለፍክም። ወንድም ጋሼ፣ ከዲላ ወዲያ ያለውን አገር ሳታዩ የምትሞቱ ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ። መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። ከላይ ጫፉ የማይታይ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና፤ ባዶ መሬት የሚባል የለም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ የምታየው የቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ነው፤ እዚህ አገሩ በሙሉ እንደዚያ ነው። ቤት አይታይህም። ከቅጠሉ መሐል ጭስ ሲወጣ ብቻ ሰው እንዳለ ታውቃለህ። ቆመህ ክላክስ ብታደርግ ግን ከየቅጠሉ ሥር ሰው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። አንዱ ኮረብታ ላይ ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ድንጋዮች ተተክለው ቆመዋል። ማን እንደተከላቸው ብጠይቅ የነገረኝ የለም። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን መኪናዬን አቁሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ጓንጉል አሞሃል እንዴ አለኝ።

እኛ ደራሳ የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን ጌዴኦ ነው የሚሉት። አብዛኞቹ ገባር ናቸው፤ ተክለው፣ ኮትኩተው፣ ለቅመው ካደረቁት ቡና ለባለርስቱ ከፍለው በተረፋቸው ይኖራሉ። ይህን ልብ በልልኝ፤ የምነግርህን ነገር የሚያከብደው እሱ ነው።

ያለፈው ወር መጨረሻ ላይ ይርጋ ጨፌ አጠገብ ሬኮ የምትባል መንደር ወርደን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጫንን። የምነዳት ኤንትሬ መኪና እስከ አፍንጫዋ ሞላች። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሸራውን አስረን ትንሽ እንደሄድን ደመናው ከየት መጣ ሳይባል መጣና ዝናቡ ወረደ። አንተ የምታውቀው ዝናብ አይደለም፤ መንገዱ ዐይኔ እያየ ወደ ቀይ ሊጥ ተለወጠ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝ የኋላ ጎማዋ አምልጦኝ ወደ ጎን ሄደ። ማርሽ ቀነስኩ፣ መሪውን ወደ ዳገቱ ጠመዘዝኩ፣ እግዚኦ አልኩ። መኪናዋ ወገቧን ሰጥታ ወደ ገደሉ ተንሸራተተችና የኋላ እግሯ ቦይ ውስጥ ገብቶ አዘንብላ ቆመች። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል። እጄ መሪውን መልቀቅ አቃተው። መኪና መንገድ ላይ ከእጄ ሲወጣ የማስታውሰው ሻሸመኔ ላይ ወባ ጥሎኝ፣ አንተ መኪናዬን ተቀብለህ የቡናውን ጭነት ይዘህልኝ ወደ አዲስ አበባ የሄድክ ጊዜ ብቻ ነው።

ወርደን አየናት። ጭነቱ ወደ ገደሉ ያጋደለ ስለሆነ ካልቀለለላት ይዛው ልትሄድ ነው። ለሁለታችን የማይሞከር ነው። ጓንጉል ክላክስ አድርግ አለኝ፤ አደረግኩ። ያኔ ሰው መውጣት ጀመረ። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ የእንሰት ቅጠል ራሳቸው ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘው። አንዱ ገና ሳልናገር ሸራውን ፈታ። አንዱ ላይ ወጣ። ጆንያ ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ትከሻ ይቀበላል፣ የተቀበለው ሰው ጠጋ ብሎ እንደ ማስቀመጥ ዞር ብሎ እንሰቱ ውስጥ ይገባል። ሌላው በሌላ አቅጣጫ። ሴቶቹ በጀርባቸው አዝለው በሌላ አቅጣጫ። ወዴት ነው! እዚህ አስቀምጡት! ብዬ በአማርኛ እጮሃለሁ፤ በቋንቋቸው መልሰውልኝ እየሳቁ ይሄዳሉ። የአንዱን ጆንያ ጫፍ ይዤ ጎተትኩ፤ ሰውየው እጄን ቀስ አድርጎ አላቀቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ዝናቡ ሳያባራ የመኪናዋ ሆድ ባዶ ሆነ። መንገዱም ባዶ ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ጆንያ የለም። ቅጠል ብቻ። ጫካው ሁሉንም ዋጠው።

ጓንጉል ራሱን ይዞ፣ አለቀልን፣ ጠራርገው በሉን አለ። የሐጂ ቃል በጆሮዬ መጣ። ከዚያ የዳኛው ቃል መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ቡና ጠፋ ብዬ ብቆም ማን ያምነኛል? አንተስ ታምነኝ ነበር? ጓንጉልን ሩጥ አልኩት፤ ይርጋ ጨፌ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ተዘረፍን ብለህ አመልክት፣ ሰው ይዘህ ና። እኔ ነኝ ያልኩት። ከከርቸሌ የወጣሁት እኔ ነኝ ሰዎቹን ሌባ ብዬ ያስከሰስኩት። ጓንጉል ጫማውን አውልቆ በጭቃው ሄደ፤ እኔ ባዶዋ መኪና ሥር ድንጋይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ አንዲት ባልቴት መጣች። በቅጠል የጠቀለለችውን ትኩስ ቆጮ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ተቆጥቼ ስለነበር አልበላም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷም አልሄደችም፤ እፊቴ ቁጢጥ ብላ እንደ ሕፃን አፏን እየከፈተች ብላ፣ ብላ በሚል ምልክት ታሳየኝ ጀመር። በላሁ ወንድም ጋሼ፤ ርቦኝ ነበር። ቡናዬን የበላችብኝን ሴት ቆጮ እየበላሁ ነው ብዬ በሆዴ እሰድባት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሲነጋ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ቀሰቀሰኝ። ዘነበ እባላለሁ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ ሽማግሌዎች ይጠሩሃል አለኝ፤ አማርኛው ወንድና ሴት ያደባልቃል። ቡናዬስ? አልኩት። ቡናው አልጠፋችም፣ እኛ ጋ ናት፣ አንተ መጀመሪያ ና አለኝ። ተከተልኩት። እንሰቱ መሐል ለመሐል እየሄድን ቤቶች አየሁ፤ ከመንገድ የማይታዩ ስንትና ስንት ቤቶች! በእያንዳንዱ ደጅ ሰው ቆሞ ያየኛል።

ሶንጎ ወደሚሉት ቦታ ነው የወሰደኝ። ሶንጎ የሽማግሌዎቻቸው መሰብሰቢያ ነው፤ ጉብታ ላይ የአንድ ግዙፍ ዛፍ ጥላ ነው እንጂ ቤት የለውም፣ በር የለውም። ወንዶቹ በዕድሜያቸው ተራ ተቀምጠዋል። ሲናገሩ አንዱ የሌላውን ቃል አይነጥቅም፤ አንዱ ጨርሶ ዝም ከተባለ በኋላ ነው ሌላው የሚጀምረው። ፍርድ ቤት ያየ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ግን አላየሁም። መቀመጫ ሰጡኝ። ለእኔ፣ ሌባ ብሎ ፖሊስ ለላከባቸው ሰውዬ፣ መቀመጫ!

መሐል የተቀመጡት አዛውንት ሙሉካ ይባላሉ። ቀስ ብለው ተናገሩ፣ ዘነበ ተረጎመልኝ። የላክኸው ሰው የት እንደሄደ ሰምተናል አሉ። ጭነትህ ዝናብ እንዳይመታው፣ በየቤታችን እሳት ያለበት ጣራ ሥር አስገብተነዋል። ከመንገድ ዳር ብንተወው ጠዋት የምታገኘው የበሰበሰ ቡና ነበር። ከዝናብ ያስገባልህን ሰው ሌባ የምትል አንተ ማን ነህ? አሉኝ። በቁጣ አይደለም፤ ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

ፈርቼ ነው አልኩ። ምን ፈራህ? አሉ። ቡና አጠፋህ ተብዬ ታስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ አልኩ። ዘነበ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይሄን ልንገራቸው? ጥሩ አይደለችም ይሄ ነገር፣ ቡናውን ይከለክሉሃል አለኝ። ንገራቸው አልኩት። ነገራቸው። ማንም አላጉረመረመም። አዛውንቱ ዛፉን ቀና ብለው አዩና፣ እዚህ ጥላ ሥር ውሸት አይነገርም፤ አባቶቻችንም አልተናገሩበትም አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ ያንን ቡና በልተሃል?

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆኛል! ፖሊሱ እየመታ፣ ዓቃቤ ሕጉ እየጮኸ፣ ዳኛው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ የእስር ጓደኞቼ እየቀለዱ። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ የመለስኩትን አንተ ችሎቱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰምተሃል። ዛፉ ሥር ግን ያ መልስ ከአፌ አልወጣም። ሌላው ወጣ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። ዘነበ ሲተረጉመው በቋንቋቸው አጭር ቃል ነበረች።

ታዲያ በንጉሡ ዳኛ ፊት ለምን አዎ አልክ? አሉኝ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች አልኩ። እናታችንም ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች አልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሙሉካ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ ምን እንደሆነ ትገምታለህ። እሱን አልናገርም አልኩ። ጠበቁኝ። እንባዬ መጣ። አትሥጋ፣ እዚያ ዛፍ ሥር የተነሣ ስም የለም።

ሙሉካ ከዚያ በኋላ ያናገሩት እኔን አልነበረም፤ ሰዉን ነው። ዘነበ ጆሮዬ ላይ እንዲህ እያለ ተረጎመልኝ፦ እናንተ ትናንት የሰው ጭነት ከመንገድ እስከ ቤት ተሸክማችሁ ትከሻችን ታመመ ስትሉ አድራችኋል፤ ይህ ሰው የተሸከመውን እዩ፤ እስካሁን አላወረደውም። በሉ፣ የእሱን አምጡለት።

አንዱ ተነሥቶ ጉብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ተጣራ። ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ ሄደ፤ ከወዲያ ማዶ ሌላ ተቀበለው፣ ከታች ሌላ። ከዚያ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? አገሩ በሙሉ ተነቃነቀ። ከየእንሰቱ መሐል ጆንያ ይመጣል። በትከሻ፣ በጀርባ፣ በራስ ላይ፣ ለሁለት በእንጨት አንጠልጥለው። ከዳገቱ ይወርዳል፣ ከወንዙ ይወጣል። አንዲት ሴት ልጇን ከፊት ታቅፋ ጆንያውን ከኋላ አዝላለች። እያንዳንዱ ሰው እፊቴ ሲደርስ ያወርድና እጁን አራግፎ ቆም ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ምስጋና የሚጠብቅ የለም። ቡናው እኮ የእነሱ ላብ ነው! ሲሸጡት ምን ያህል እንዳገኙበት አውቃለሁ። ከጫካው ውስጥ ማንም ማንንም አያይም። ቢያስቀሩ ማን ያውቅ ነበር? እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። በዚች ምድር ላይ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም የማይ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል ጓንጉል ከሃምሳ አለቃና ከጠመንጃ ያዦች ጋር ደረሰ። ሃምሳ አለቃው ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲያይ እጅ ከፍንጅ የያዛቸው መስሎት፣ ቁም! ብሎ ጮኸ። አንዱ ነጭ ለባሽ የአንድ ሽማግሌ ደረት ላይ ጠመንጃ ደገነ። ሮጬ መሐላቸው ገባሁ። ጌታዬ፣ ክሴ ሐሰት ነው፣ የተዘረፈ የለም፣ ተሳስቼ ነው አልኩ። በሐሰት መክሰስ እንደሚያስቀጣ ታውቃለህ? ስምህ ማነው? የታሰርከው ሾፌር አንተ ነህ አይደል? አለኝ። ጓንጉል መንገድ ላይ ነግሮታል። እኔ ነኝ፣ መያዝ ካለብህ እኔን ያዝ አልኩት። በእውነት ዝግጁ ነበርኩ፤ እንደዚያ ቀን ለመታሰር ልቤ ተዘጋጅቶ አያውቅም። ሃምሳ አለቃው እርሳሱን አወጣ። ግን ሰዉ አላቆመም፤ ጠመንጃው እያለ ጆንያው ይመጣል፣ ይመጣል። ቀስ በቀስ እርሳሱን የያዘው እጁ ወረደ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እሱም እንደኔ ቆሞ ያይ ጀመር። ጓንጉል መቁጠር ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ አፍሮ ተወው። እኔ ነኝ ጨርስ ያልኩት፤ ለሐጂ መልስ መስጠት ነበረብኝ።

አንድ ጆንያ ጎደለ።

ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ። እኔም አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ቢጎድል ይጉደል፣ ሥራዬም ይሂድ፣ የእነዚህን ሰዎች ስም ግን ዳግመኛ አላነሣም። ሙሉ ነው ልለው አፌን ስከፍት ከታች ያቺ ቆጮ ያበላችኝ ባልቴት ብቅ አለች። ከኋላዋ ሴቶች በቅርጫትና በሰሌን ቡና ይዘዋል። ጆንያውን ለብቻው አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። ዘነበ አናገራትና ሳቀ። ለእሷ የደረሳት ዝናብ የጠገበ ጆንያ ነው፤ ዘርግፋ ከምድጃዋ በላይ ባለው ቆጥ ላይ አስጥታ ሌሊቱን ስታገላብጥ ነው ያደረችው። ጆንያው ደግሞ አልደርቅ ብሏት ነው የዘገየችው፤ ደረቅ ቡና እርጥብ ጆንያ ውስጥ አይገባም ትላለች። ፍሬውን አንድ ሳታስቀር መለሰችልኝ። ቡናው ጭስ ጭስ ይሸታል። ተንበርክኬ እግሯን ልስም ስል በእጇ ራሴን ገፋችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ጓንጉል፣ ያ ኮንጎ የዘመተው ጓንጉል፣ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። ሃምሳ አለቃው የአቤቱታውን ወረቀት ቀደደና ኪሱ ከተተው፤ በሉ መኪናዋን እንጎትት ብሎ ካፖርቱን አወለቀ።

መኪናዋን በገመድ አስረው፣ እየዘፈኑ፣ በአንድ ትንፋሽ ከቦዩ አወጧት። ከእሷ ክብደት ይልቅ የድምፃቸው ክብደት ይበልጥ ነበር። ጭነቱንም ራሳቸው መልሰው ደረደሩት።

ዲላ እንደገባሁ ሐጂ ኸድሩ ያቺን ጆንያ አሽትተው፣ ይሄ ምንድነው አሉኝ። አንዱን ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ፖሊስ መላኬንም፣ ዛፉ ሥር የተጠየቅኩትንም። ሙስባሃቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ሂድና ተኛ አሉኝ። ሁለት ቀን እባረራለሁ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

በገበያው ቀን ሙሉካ ከዘነበ ጋር መጋዘኑ ደጅ መጡ። ዘንጋቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው። ዘነበ፣ አዛውንቷ ዋስ ልትሆነው ነው የመጣው፣ እናንተ አገር ዋስ ካልያዘ ሰው አይታመንም ሲባል ሰምቷል አለ። ሐጂ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። የእርስዎ ቃል ካለ ወረቀት አልፈልግም፣ ግን ልወቅ፤ ለዚህ ልጅ ምኑ ነዎት? ብለው ጠየቁ። ሙሉካ እኔን አዩኝና መለሱ። ዘነበ ተረጎመው፦ ወንድሙ ነኝ ብሏል። ሐጂ ሳቁ፣ ጓንጉልም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የሬኮ መስመር ከእንግዲህ የእኔ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልወቅስህ አይደለም። ያ ነገር ሆድ ይፍጀው፤ አሁንም ቢሆን ከእኔ አፍ አይወጣም። ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከከርቸሌ እንደወጣሁ ቤትህ የመጣሁ ቀን፣ ማሚቱ ልጅህን መነንን ከአጠገቤ ጠርታ ስታስገባት በረንዳ ላይ ነበርኩ። መነን ውስጥ ሆና አጎቴ ለምንድነው የታሰረው ብላ ስትጠይቅህ ሰማሁ። የመለስክላትንም ሰማሁ። ሰርቆ ነው አልካት። ከዳኛው ቃል ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ፤ እኔ ያን ጊዜ አዎ ስል እሷ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች።

ልጅ ናትና መጠየቋ አይቀርም። እውነቱን ንገራት አልልህም፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳግመኛ ስትጠይቅህ ግን፣ አላውቅም በላት። ይቺን ብቻ።

አምላክ ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ ቤትህን በረከት ይሙላልህ፤ ልጆችህን በወግ በማዕረግ ለማየት ያብቃህ። ማሚቱን ጉልበቷን ሳምልኝ። መነንንም፣ ከማን እንደሆነ ባትነግራትም፣ ግንባሯን ሳምልኝ።

የአባትህ ልጅ፣ አንድ ታናሽ ወንድምህ